ከመሬት በታች ለምትሠሩ ልጆቼ

ጡረታ ወጥቼ ወደ ጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ ጂኦሎጂና ማዕድን ምህንድስና የምታጠኑ ወጣቶች ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ «ዋሻ ከመደርመሱ በፊት ያስታውቃል ወይ?» ትሉኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያስታውቃል፤ ችግሩ ምልክቱን የሚያየው ሰው ሥራ ለማስቆም ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው።

ጭነት የበዛበት አለት ይንጣጣል፣ ከጣሪያው ጠጠርና አቧራ ይረግፋል፣ የድጋፍ እንጨቱ ይንቋቋል፣ ጣሪያውን እንዲሸከም ሳይቆፈር የተተወው የአለት ምሰሶ ወገቡ እየተላጠ ይቀጥናል፣ ወለሉም ያብጣል። ደረቅ በነበረ ስንጥቅ ውኃ መንጠባጠብ ከጀመረም በቀላሉ አትለፉት። ጣሪያውን በብረት ዘንግ ስትመቱት ጤነኛው አለት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ ይህን ስታደርጉ ግን የምትቆሙት ጣሪያው አስቀድሞ በተፈተሸ ቦታ ይሁን።

ከሁሉ አብልጬ የምመክራችሁ ዋሻው የሚጠብበትን ፍጥነት እንድትከታተሉ ነው። በጣሪያውና በወለሉ መካከል ያለውን ርቀት በየፈረቃው ለክታችሁ መዝግቡ፤ በየቀኑ 1 ሚሊሜትር ብቻ የሚጠብ ዋሻ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ዛሬ 1፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4 እያለ የሚሄደው ግን ውጡ ማለቱ ነው። እኔ ከሰፊው አሮጌ ስንጥቅ ይልቅ ትናንት ያልነበረውን ቀጭን ስንጥቅ እፈራለሁ።

በደቡብ አፍሪካው የኮልብሩክ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ዲሴምበር 28 ቀን 1959 እ.ኤ.አ. አንድ ክፍል ተደረመሰ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1960፣ ምሰሶዎቹ ተከታትለው ወደቁና 435 ሠራተኞች ከሥር ቀሩ። ተመራማሪዎቹ ሳላሞንና መንሮ የቆሙና የወደቁ ምሰሶዎችን 125 ታሪኮች መርምረው በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ እናንተም በክፍል የምትሸመድዱት የምሰሶ ጥንካሬ ቀመር የመጣው ከዚያ አደጋ ነው።

በእኛ አገር፣ በወሎ ደላንታ፣ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ፈላጊዎች ከ1 ሜትር የማይበልጥ ስስ ንጣፍ ተከትለው ገደሉን ያለ በቂ ድጋፍ ይቦረቡራሉ። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ለልምምድ ብትሄዱ ከመካከላችሁ አንዱ ዶማ ሳይነካ እንዲያዳምጥ መድቡ፤ እርሱ «ውጡ» ሲል ዕቃችሁን ጥላችሁ ውጡና ክርክሩን ደጅ ቀጥሉት። ከተናደ በኋላም አትቸኩሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዩታ፣ በክራንዳል ካንየን ማዕድን የተቀበሩ 6 ሠራተኞችን ለማዳን ከገቡት 3ቱ ከ10 ቀን በኋላ እዚያው ሞተዋል። የወደቀው ክፍል ሸክሙን በጎረቤት ምሰሶዎች ላይ ስለሚጥል፣ አዳኞቹ መንገዱን እየደገፉ እንዲገቡ፣ አዳማጩም ከቦታው እንዳይነሣ አድርጉ።