ሜዳው ለምን ባዶ ሆነብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜዳና ዛፍ ብቻ ያለበት ጸጥ ያለ የገጠር ሥዕል እየሳልኩ ነው፣ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የአድማስ መስመሩን እይ፣ መሃል ላይ ካስቀመጥከው ሥዕሉን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ዓይንም የት እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል፣ ስለዚህ ወደታች አውርደውና ለሰማዩ ቦታ ልቀቅለት፣ ጸጥታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዛ ነው። በሩቅ የሚታዩ ኮረብታዎች ካሉህ ፈዘዝ፣ ሰማያዊ ነገር አድርጋቸው። ከዛ አንድ ትንሽ ነገር ጨምር፦ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል በ1821 እ.ኤ.አ. በሳለው "ዘ ሄይ ዌይን" የተባለ የገጠር ሥዕል ላይ በዛ ሁሉ አረንጓዴ መሃል የጋሪ ፈረሶቹ የታጠቁት ላይ ቀይ ጣል አድርጎበታል፣ ትንሽዬ ናት ግን ዓይን እዛ ሄዶ ቁጭ ይላል። አንተ ግን አንድ ብቻ፣ ሁለት ከሆኑ ይሻማሉ። ዛፉን ደሞ ቅጠል በቅጠል አትልቀመው ባክህ!