ሂሳቡ ያስፈራኛል፣ ማስተርሱን ልጀምር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ኢኮኖሚክስ ማስተርስ የምትልኩልኝ ጥያቄ በዝቷል። ዛሬ የተመሳሰሉትን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው ሂሳብና ቴሲስ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

«በመጀመሪያ ዲግሪ የወሰድኩት ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ብቻ ነው፣ እሱንም ረስቼዋለሁ። ማስተርሱ ሂሳብ በሂሳብ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ይከብደኛል?»

የመጀመሪያው ሴሚስተር አዎ፣ ይከብድሃል። ይህን የምልህ ቀድመህ እንድትዘጋጅ ብዬ ነው። ማስተርሱ የሚቆመው በሦስት ኮርሶች ላይ ነው፦ ማይክሮ (የሸማችና የድርጅት ውሳኔ)፣ ማክሮ (የአገር ኢኮኖሚ በጠቅላላው) እና ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በዳታ መለካት)። ሦስቱንም በስም ታውቃቸዋለህ፣ የሚጠይቁህ ግን ሌላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ገቢው የተወሰነ ሸማች አለ፣ ሁለት ዕቃ አለ፣ ዋጋቸው ይታወቃል። እርካታው ከፍ እንዲል ከየትኛው ምን ያህል ይግዛ? በመጀመሪያ ዲግሪ ላግራንጁን (እርካታውንና የገቢውን ገደብ አንድ ላይ የያዘውን ቀመር) ትጽፋለህ፣ ዴሪቬቲቩን ወስደህ ከዜሮ ጋር ታስተካክላለህ፣ መልሱን አግኝተህ ትገላገላለህ። ማስተርስ ላይ ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መልስ መኖሩን በምን አወቅህ? አንድ ብቻ ነው ወይስ ብዙ? ያገኘኸው ነጥብ ከፍተኛው ነው ወይስ ዝቅተኛው? የአንዱ ዋጋ ትንሽ ቢጨምር መልሱ ወዴት ይሄዳል? ሸማቹ አንዱን ዕቃ ጭራሽ ባይገዛስ? እዚህ ላይ ከዜሮ ጋር ማስተካከሉ ብቻውን አያዋጣም፣ የኩን-ታከር ሁኔታዎች (መጠኑ ዜሮ የሚሆንበትንም ጨምረው የሚያዩ ደንቦች) የሚመጡትም ለዚህ ነው። ላግራንጁ ውስጥ ከገቢው ገደብ ጋር የምትባዛዋ ላምዳ የምትባለዋ ምልክትስ? ብዙ ተማሪ ላምዳን ከስሌቱ ለማጥፋት ብቻ ይታገላል፣ እሷ ግን የሸማቹ ገቢ በጥቂቱ ቢጨምር እርካታው በምን ያህል እንደሚያድግ እየነገረችህ ነው። ይህ የገባህ ቀን ሂሳቡን መውደድ ትጀምራለህ።

ምን ልከልስ ካልከኝ፣ የብዙ ተለዋዋጮችን ካልኩለስና ኦፕቲማይዜሽንን፣ ማትሪክስን (ኢኮኖሜትሪክስ ያለ ማትሪክስ አይነበብም) እና ፕሮባቢሊቲን ከልስ። ከፕሮባቢሊቲ ውስጥ በተለይ አንድ ነገር ሲታወቅ የሌላው አማካይ ስንት ነው የሚለውን በደንብ ያዘው፣ ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ከዳታ የሚለካው ስሌት) መሠረቱ እሱ ነውና። ሪል አናሊሲስ (የካልኩለስን መሠረት እያረጋገጠ የሚሄደው ሂሳብ) ፒኤችዲ ለሚያስብ ሰው በጣም ይጠቅማል፣ ለአብዛኛው የማስተርስ ተማሪ ግን ይቆይ።

ደግሞ በእጅህ ሥራ። ሌላ ሰው የሠራውን ሲያዩት ሁሉም ቀላል ነው። መጽሐፉን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው መስመር ጀምር። የሆነ ቦታ ትቆማለህ። ማጥናት ያለብህ እሱን የቆምክበትን ቦታ ነው።

«የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። ለኢኮኖሚክስ ማስተርስ ይቀበሉኛል?»

እንደ ፕሮግራሙ ነው። ብዙዎቹ ከዲግሪሽ ስም ይልቅ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ስንት የሂሳብና የስታቲስቲክስ ኮርስ አለ የሚለውን ያያሉ፣ አንዳንዶቹም ከዋናው ትምህርት በፊት የማካካሻ ኮርስ ያስወስዳሉ። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ለኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ስታመለክት በቂ ሂሳብ አልወሰድሽም ተብላ ሳትቀበል ቀረች። ፖለቲካል ሳይንስ ተማረች። ሰዎች ግጦሽን፣ ውሃንና ደንን በጋራ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ስታጠና ኖራ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስለዚህ ሶሺዮሎጂ የሰጠሽን ጥያቄ እንዳትጥዪው። ግን በሩ የተዘጋባት በሂሳብ ምክንያት መሆኑንም ልብ በዪ፣ ከማመልከትሽ በፊት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ስታቲስቲክስ ወስደሽ ጥሩ ግሬድ ያዢ። የልማት ወይም የጤና ኢኮኖሚክስ ፕሮግራሞችንም እዪ፣ ብዙውን ጊዜ ሂሳባቸው ቀለል ይላል።

«ቴሲሴን ‹የዋጋ ንረት በኢኮኖሚ ዕድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ› ብዬ አቀረብኩ። አማካሪዬ ‹ሰፊ ነው፣ አጥብበው› ብሎ መለሰው። ዳታ አለኝ፣ ምኑ ነው የሚጠበበው?»

አማካሪህ ልክ ነው፣ አትቀየመው። የዋጋ ንረት ዕድገትን ይነካል፣ ዕድገትም የዋጋ ንረትን ይነካል። ድርቅ፣ ጦርነት ወይም የነዳጅ ዋጋ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል። አንተ የያዝከው የአንድ አገር የ35 ዓመት ዳታ ከሆነ 35 ነጥብ ብቻ ነው ያለህ። አምስት ተለዋዋጭና የየአንዳንዱን ያለፈ ዓመት ቁጥር ስትጨምርበት ሪግሬሽኑ የሚተማመንበት ነገር አይቀረውም። ቁጥር ይወጣል፣ ኮከብም (ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም የሚለው ምልክት) ይኖረዋል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንተም አታውቀውም።

ጥያቄ እንዴት እንደሚጠበብ ላሳይህ። «ትምህርት ደሞዝ ይጨምራል ወይ?» የሚለውን ውሰድ። የተማሩት ከድሮውም ጎበዝ ወይም የሀብታም ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ ዝም ብሎ ማወዳደር አያዋጣም። ኢኮኖሚስቷ ኤስተር ዱፍሎ ታዲያ ኢንዶኔዥያን አየች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ61,000 በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠርታለች። አንዳንዱ ወረዳ ብዙ ደረሰው፣ አንዳንዱ ጥቂት። በ1974 ከ2 እስከ 6 ዓመት የነበሩት ልጆች ትምህርት ቤቶቹ ደረሱላቸው፣ ከ12 ዓመት በላይ የነበሩት ግን አለፋቸው። ብዙ ትምህርት ቤት በተሠራበት ወረዳ በታናናሾቹና በታላላቆቹ መካከል ያለውን ልዩነት ወሰደች፣ ጥቂት ከተሠራበት ወረዳ ተመሳሳይ ልዩነት ጋር አስተያየች፣ ልጆቹ አድገው የሚያገኙትን ደሞዝ ደግሞ ከ1995 የጥናት ዳታ አየች። በ2001 ባሳተመችው ጽሑፍ መሠረት አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ደሞዝን ከ6.8 እስከ 10.6 በመቶ የሚጨምር ሆኖ ተገኘ። በ2019 ከኢኮኖሚስቶቹ ከአቢጂት ባነርጂና ከማይክል ክሬመር ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርታለች።

አንተ 61,000 ትምህርት ቤት አያስፈልግህም። የምትፈልገው አንድ የተለወጠ ነገር ነው፣ አዲስ ታክስ፣ የተነሳ ድጎማ፣ የተከፈተ መንገድ። የት ቀድሞ ጀመረ፣ የት ዘገየ? ማን ደረሰው፣ ማንን ለጥቂት አለፈው? የዋጋ ንረትን ከወደድከው የአንድ ዕቃ ድጎማ ሲነሳ የደሃ ቤተሰቦች ወጪ እንዴት ተለወጠ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። አደራ፣ ፕሮፖዛል ከመጻፍህ በፊት ዳታውን በእጅህ አስገባ፣ ከፍተህም እየው። የዓለም ባንክ የቤተሰብ ኑሮ ጥናቶች ብዙዎቹ ተመዝግበህ በነጻ የምታወርዳቸው ናቸው። ‹ይሰጡኛል› ብለህ በምትጠብቀው ዳታ ላይ ቴሲስ አትጀምር። ብዙ ሰው ጎበዝ ሆኖ ሳለ ዓመት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፣ ያሳዝነኛል።

«ስታታ ልማር፣ አር ወይስ ፓይተን?»

ሦስቱም ዳታ የሚተነተንባቸው ፕሮግራሞች ናቸው፣ አማካሪህ የሚጠቀመውን ተማር። ስታታ ይከፈልበታል፣ አርና ፓይተን ነጻ ናቸው፣ አንዱን በደንብ የያዘ ሰው ሌላው አይከብደውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሠራርህ ነው። የመጀመሪያውን የዳታ ፋይል አትንካው፣ ከጽዳት እስከ ሠንጠረዥ ያለውን ሁሉ በኮድ ጻፈው። ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ሬይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ያወጡት ጽሑፍ በብዙ አገር የፖሊሲ ክርክር ውስጥ ሲጠቀስ ነበር። ቶማስ ሄርንደን የተባለ የፒኤችዲ ተማሪ ለክፍል ሥራ ውጤቱን ልድገመው ሲል እምቢ አለው፣ የኤክሴል ፋይላቸውን ሲያገኝ ደግሞ የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን ዘሎ አገኘው። ስህተቱ በ2013 ይፋ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ይህ የቀመር ስህተት የማጭበርበር ጉዳይ አልነበረም፣ ያልተመረጡ ረድፎች ናቸው። በኮድ ከጻፍከው እንዲህ ያለውን አንተም ቀድመህ ታገኘዋለህ።

«ዕድሜዬ 43 ነው፣ ቤተሰብ አለኝ፣ ቀን እሠራለሁ። ማታ ልማር?»

ይችላሉ፣ ግን ማይክሮንና ኢኮኖሜትሪክስን በአንድ ሴሚስተር አይውሰዱ። ጊዜ የሚበላው ከክፍሉ ይልቅ ቤት የሚሠራው ጥያቄ ነው፣ አንዱ ጥያቄ ብቻ ሙሉ ምሽት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኛ ይያዙ፣ መጀመሪያ ለየብቻ ሞክራችሁ ከዚያ ተገናኙ። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጠይቅዎት፣ የሚፈልጉት የኃላፊነት እድገት ብቻ ከሆነ የማኔጅመንት ወይም የፋይናንስ ማስተርስ ይበልጥ ይቀርብዎታል። ዳታ ይዞ ማሰብን ከወደዱ ግን ይግቡበት፣ የሥራ ልምድዎ ክፍል ውስጥ ብዙ ይጠቅምዎታል።

«አሳይመንቱን ኤአይ ቢሠራልኝ ችግሩ ምንድን ነው?»

ፈተና ክፍል ውስጥ አብሮህ አይገባም። መጀመሪያ ራስህ ሞክር፣ ከዚያ ‹ሦስተኛው መስመሬ ላይ ምን ተሳሳትኩ?› ብለህ ጠይቀው፣ ለዚያ ጥሩ ነው። የሚሰጥህን የጽሑፍ ምንጭ ግን አንድ በአንድ ፈትሽ፣ የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ይሰጥሃል።

«ማይክሮ ሚድ ላይ ከ100 31 አመጣሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ከእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ልተወው?»

አይዞሽ፣ በአንድ ሚድ አይወሰንም። በዚህ ኮርስ ዝቅ ያለ ነጥብ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የክፍሉ አማካይ ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ የፈተና ወረቀትሽን ውሰጂና የጎደለብሽን ነጥብ ለዪው፦ ሐሳቡ ስላልገባሽ ነው፣ አልጀብራው ስለተበላሸብሽ ነው ወይስ ሰዓት አልቆብሽ? ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው። ሰዓት ከሆነ በሰዓት ለክተሽ ተለማመጂ፣ አልጀብራ ከሆነ ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ያልኩትን ክለሳ ሥሪ። ሐሳቡ ከሆነ ወረቀቱን ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ግቢ፣ «አልገባኝም» ብቻ አትበዪው፣ የቆምሽበትን መስመር አሳዪው። ኮርሱን ለመተው የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነም ሬጅስትራር ጠይቂ። ከዚያ ቀን በፊት ያንኑ ፈተና ቤትሽ ውስጥ ከባዶ ወረቀት ደግመሽ ሥሪውና ስንት እንዳመጣሽ አይተሽ ወስኚ።