ሥራው ነው ወይስ እኔ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ሲደርስ ደብዳቤው ሁሉ ስለ ሥራ ይሆናል፣ ሒሳብ መዝጊያ ነዋ። እስቲ እንጀምር።

አንዱ ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት ምን ለያቸው ይላል። ሳይካትሪስቱ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል፤ ሳይኮሎጂስቱ አብዛኛውን ጊዜ አያዝም፣ በንግግር ነው የሚያክመው። ቀጥሎ።

"ለሥራ ጭንቀት ቡና ጥሩ ነው?" አቦልና ቶናውን ጠጪ፣ ማታ ማታ ግን ተዪው።

አንዷ ደግሞ ባንክ ነው የምትሠራው። የተቀማጭ ታርጌት ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለም፣ እሁድ ማታ ልቧ ይመታል፣ ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ሰኞ መልቀቂያ ላስገባ ነው፣ ምን ሥራ እንደሚሻለኝ የሚነግረኝ ቴራፒስት ጠቁመኝ ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አቆዪው። ምን ልሥራ የሚለውን ማንም ቴራፒስት አይወስንልሽም፣ ይወስንልኛል ያለሽ ካለ እሱን ሽሺው፤ ደግሞ ወር ሙሉ ያልተኛ ሰው የትኛውም ሥራ ከያዘው የተሻለ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እንቅልፉ ነው መስተካከል ያለበት። ጠቅላላ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የልብ ምቱ ከታይሮይድ ወይ ከደም ማነስም ሊመጣ ስለሚችል ደምሽ ይታይ። ከዚያ የአእምሮ ሕክምና፤ አማኑኤል መታየት የሚያሳፍርሽ ከሆነ (ማፈር አልነበረብሽም) ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ዘውዲቱም ክፍሉ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን (ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛልን) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ ነው የመደበው፣ ድባቴና የጭንቀት ሕመም ግን በሽታ ናቸው፣ የሐኪም ፈቃድ ይጻፍባቸዋል። ይሄን የምደጋግመው ሰው ሁሉ መብቱን ሳያውቅ ስለሚለቅ ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ብቻ ያዢ። ታክመሽ፣ ተኝተሽ፣ ያኔም መልቀቅ ካማረሽ ልቀቂ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ።

ቴራፒስት ስትመርጪ ምን እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ መሻልሽን በምን እንደምታውቁ ጠይቂው። በጥያቄው ከተቆጣ ሌላ ፈልጊ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ኮች በ21 ቀን ማይንድሴትህን ቀይሬ ሥራ አስይዝሃለሁ ብሎ 15 ሺህ ብር ጠየቀኝ ያልከው ልጅ፦ ብርህን ያዝ። ማይንድሴትህ ምንም አልሆነም፣ ሲቪህን ግን በሙያው ያለ ሰው ይይልህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፦ መሥሪያ ቤቴ ኢኤፒ የሚባል ነፃ ምክር አለው፣ አለቃዬ ያውቅብኝ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ ለአሠሪው የሚደርሰው ስንት ሰው ተጠቀመ የሚለው ቁጥር ነው፣ ስም አይሄድም፣ ግን ስትደውል መጀመሪያ እሱን ጠይቃቸው። አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ከፈለግክ በቪዲዮም ቢሆን ሜሪላንድ ያለን ሰው እንዲያክም በሕግ የተፈቀደለት መሆን አለበት፣ አዲስ አበባ ያለው ጎበዝ ጓደኛህ አይሆንም። ሀበሻው ሁሉ ይተዋወቃል ያልከው እውነት ነው፣ ግን ቴራፒስቱ ሚስጥርህን ቢያወጣ ላይሰንሱን ሊያጣ ይችላል። አሁንም ከከበደህ ከቤተ ክርስቲያንህ ሰው ውጪ የሆነ ፈልግ።

እናቴ ጸበል ሂጂ አለችኝ ላልሽው፦ ሂጂ። መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው፣ ከሥራ ከተባረረ ወዲህ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር እያለ ያስባል። ወንድሜ፣ ለአንተ ምክር አልጽፍም። ዛሬውኑ፣ ነገ አይደለም፣ ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል፣ አሜሪካ ከሆንክ 988 ደውል። ብቻህን አትሂድ፣ ለአንድ ሰው ያልከኝን እንዳለ ንገረውና እሱ ይውሰድህ። ማታውንም ብቻህን አትደር። ሐኪም ካየህ በኋላ ጻፍልኝ፣ የሥራውን ያኔ እናወራለን።