ሚዛኑ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ግን እንደጠበቀ ቀረ

ከሸዋ ሮቢት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ይህ ነው፦ የሽንኩርት መረከቢያው ሚዛን በየሰከንዱ ኪሎውን በኔትወርክ ይልካል፣ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ መሣሪያ) የተጻፈው ፕሮግራም በሶኬት፣ ማለትም በኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ፣ ይቀበላል። ድሮ ግንኙነት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ይወድቅ ነበር። አንድ ልጅ «ካስተካከለው» ወዲህ አይወድቅም፤ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ሳይጠፋ ቆይቶም፣ ሰው እጁን ካላስገባበት አንድ ኪሎ አይመዘግብም።

ኮዱን ባላየውም ልጁ «አንኮት ኤክሴፕሽን» (ማንም ያልያዘው ስህተት መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ) ላይ ባዶ ፈንክሽን እንዳስቀመጠ እጠረጥራለሁ። ፈልገህ አውጣው። ሶኬት «ኤረር» ብሎ ሲጮህ ሰሚ ካጣ ኖድ ይወድቃል፤ መድኃኒቱ እያንዳንዱ ሶኬት ላይ የኤረር ሰሚ ማሰር ነው እንጂ የቤቱን አፍ ሁሉ በጨርቅ መወተፍ አይደለም።

ዝምታው ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ትንሽ ታገሰኝ። የቲሲፒ (ሶኬቱ ዳታ የሚያመላልስበት የኔትወርክ ስምምነት) ግንኙነት የተዘረጋ ገመድ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው የያዙት ማስታወሻ ነው። በወጉ የሚዘጋ ወገን የስንብት ፓኬት ይልካል። መብራት ድንገት የሄደበት ሚዛን ግን ሳይሰናበት ይጠፋል፣ ሲነሳም ማስታወሻው የለውም። ያንተ ወገን ያለው ግን እንዳለ ነው። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከፊትህ የነበረው መኪና ይቁም ይሂድ ጡሩምባ ካልነፋህ አታውቅም። አንድ ነገር ብትልክ፣ የተነሳው ሚዛን «አላውቅህም» ብሎ ሪሴት (የግንኙነት ማፍረሻ ፓኬት) ይመልስልህ ነበር፤ እንደጠፋ ከሆነም ሊኑክስ 15 ደቂቃ ያህል ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። ያንተ ፕሮግራም ግን አዳማጭ ብቻ ነው፣ ምንም አይልክም። ስለዚህ እስከ ዳግም ምጽአት ይጠብቃል።

ሶኬቱ ዝም ሲል የሚያስታውቅህን «ሴት ታይምአውት» 30 ሰከንድ አድርገው። እሱ ደወል ብቻ ነው፣ ሶኬቱን አይዘጋልህም፤ ሲደውል «ዲስትሮይ» ብለህ የምታፈርሰው አንተ ነህ። እንደገና መገናኘቱን «ክሎዝ» (ሶኬቱ ሲዘጋ የሚመጣው ጥሪ) ላይ ብቻ አስቀምጥ። ኤረር ላይም ከደገምከው፣ ክሎዝ ኤረርን ተከትሎ ስለሚመጣ መንታ ሶኬት ይወለዳል። ከሚዛን ጀርባ የሚሰኩት፣ ቁጥሩን ወደ ኔትወርክ የሚያሻግሩት እነዚያ ርካሽ መለወጫ ሳጥኖች ደግሞ፣ በእጄ ያለፉት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ግንኙነት አይቀበሉም፤ ስንቱን ቀን አቃጠሉብኝ! ሙከራው በ1፣ በ2፣ በ4 ሰከንድ እየራቀ እስከ 30 ይሂድ፤ ዳታ ሲገባ ወደ 1 ይመለስ።

በተቆረጠው ግንኙነት የተንጠለጠለውን ግማሽ ቁጥርም ጣለው። «48» ላይ ተቋርጦ አዲሱ «52.5» ከተቀጠለበት 4852.5 ኪሎ ይመዘገባል፤ የገበሬ ሒሳብ ነው።

ባዶውን ፈንክሽን «ለማንኛውም ይቆይ» እንዳትል! ካልተያዘ ስህተት በኋላ ሥራ መቀጠል አደገኛ መሆኑን የኖድ መመሪያ ራሱ ይናገራል። ይውደቅና የወደቀን ፕሮግራም መልሶ የሚያስጀምር አስነሺ ፕሮግራም ያስነሳው።

ስትሞክር የሚዛኑን ሶኬት፣ የግድግዳውን ማለቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ ንቀል። በመጀመሪያው ተመልሶ በሁለተኛው ከቀረ፣ ታይምአውቱን አዲሱ ሶኬት ላይ አላሰርከውም።