ጠይቁን፦ ፍሪጅ ያደረቀው ዳቦ፣ የሚያሳድደው ጫማ እና ቁጥሩ የማይሞላው ፓወር ባንክ

በዚህ እትም ከጓዳ፣ ከስልክና ከመታጠቢያ ቤት የመጡ 6 ጥያቄዎችን መርጠናል። አንዳንዶቹን ለማሳጠር ስንል ከደብዳቤው ዋናውን ብቻ ወስደናል።

ጥያቄ፦ ዳቦ እንዳይበላሽ ብዬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። በማግስቱ ግን እንደ ካርቶን ሆኖ አገኘዋለሁ። በፌስታል ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬውም ለውጥ የለውም። ችግሩ የፍሪጁ ነው ወይስ የዳቦው?
— ደረቅ ዳቦ ያሰለቻት

መልስ፦ የፍሪጁ ነው። ፌስታሉ ያልረዳዎት ደግሞ ዳቦው የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ስላልሆነ ነው። ሊጥ ሲጋገር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከምድጃ ወጥቶ ሲበርድ ያው ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደረደርና ይጠጥራል፤ ውሃው እዚያው ዳቦው ውስጥ እያለ አፍ ላይ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባቲስት ቡሲንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 ይህንኑ አሳይቷል፤ አየር በማያስገባ ዕቃ የታሸገ ዳቦ ውሃ ሳይጎድለው ጠጠረ፣ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ለሰለሰ። ክፋቱ፣ ስታርች በጣም ፈጥኖ የሚጠጥረው ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል፣ ማለትም ልክ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው።

ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገያል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሻጋታ የሌለው ካርቶን ማን ይበላል? በ2 ቀን የሚያልቅ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ከፍሪጅ ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ የሚበልጠው ፍሪዘር ይግባ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የስታርቹ መደርደር ከሞላ ጎደል ይቆማል።

አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ዳቦው እስከ ውስጡ ይብረድ፤ ለትልቅ ዳቦ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጃል። ትኩሱን ካሸጉት እንፋሎቱ በፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ሆኖ በረዶ ይሠራል፣ ሲፈታም ዳቦውን ያረጥበዋል። ቀጥሎ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቁረጡት። ሙሉ ዳቦ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት በዚያ መጥፎ የፍሪጅ ሙቀት ላይ ይቆያል፤ ስስ ቁራጭ ግን ቶሎ ያልፈዋል። አየሩን ጨምቀው አውጥተው በድርብ ፌስታል ያሽጉት፤ እስከ 1 ወር ጣዕሙን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ የፍሪዘር ሽታ መያዝ ይጀምራል።

ሲበሉት አያቅልጡት፤ ቁራጩን በቀጥታ ቶስተር ወይም የጋለ መጥበሻ ላይ ያድርጉት። የጠጠረ ሙሉ ዳቦ ካለዎት ቅርፊቱን በእርጥብ እጅ ዳሰስ አድርገው በ180 ዲግሪ ኦቨን ለ8 ደቂቃ ያህል ያስገቡት። እንዲህ የታደሰ ዳቦ ከበረደ በኋላ ከበፊቱ ብሶ ስለሚጠጥር የሚበሉትን ያህል ብቻ ያሙቁ። ማይክሮዌቭ ከ15 ሰከንድ ካለፈ ደግሞ ዳቦው እንደ ጎማ ይሳባል።

ጥያቄ፦ አንድ ጫማ ኦንላይን አይቼ ሳልገዛው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የምከፍተው ገጽ ሁሉ ያንኑ ጫማ ያሳየኛል። ደግሞ «ቅናሹ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ቀረው» የሚለው ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት እውነት ነው?
— ጫማ ያሳደደው

መልስ፦ የጫማውን ገጽ ሲከፍቱ የሱቁ ብቻ ሳይሆን የማስታወቂያ ድርጅቶች ኮድም አብሮ ይከፈታል። ኮዱ ብሮውዘርዎ ውስጥ ኩኪ የሚባል፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ያው ድርጅት ሌላ ገጽ ላይ የማስታወቂያ ቦታ ካለው ቁጥሩን አንብቦ «ይኸው ጫማውን ያየው ሰውዬ» ይላል ማለት ነው። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የብሮውዘር ድርጅት ውስጥ የሠራው ፕሮግራመሩ ሉ ሞንቱሊ ነው፤ መነሻው ሱቁ የገዢውን ቅርጫት እንዲያስታውስ ነበር። ጫማውን ሌላ ቦታ ከገዙ በኋላም ማስታወቂያው የማይተውዎት ሱቁ መግዛትዎን ስለማያውቅ ነው።

ለማቋረጥ 3 ቦታ መንካት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነክቶ «አልሠራም» ይላል። አንደኛው ብሮውዘሩ ነው። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ይግቡና ኩኪዎቹን ያጥፉ፤ እዚያው «ተርድ ፓርቲ ኩኪስ» የሚለውን ብሎክ ያድርጉ። ኩኪ ሲጠፋ ከገቡባቸው አካውንቶች ሁሉ ይወጣሉና የይለፍ ቃልዎን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ «ፓስወርድስ» የሚለው ላይ ግን ምልክት አያድርጉ። ሁለተኛው ስልኩ ራሱ ነው። አንድሮይድ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ ጉግል፣ ከዚያ አድስ ብለው የማስታወቂያ መለያውን ዲሊት ያድርጉ። አይፎን ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ትራኪንግ የሚለውን ገብተው አፖች እንዳይጠይቁ ይዝጉት። ሦስተኛው አካውንትዎ ነው፤ በኢሜይልዎ ገብተው የሚያስሱ ከሆነ ፍለጋዎ ስምዎ ላይ ስለሚመዘገብ ኩኪ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። በአካውንቱ የማስታወቂያ ምርጫ ገብተው «ፐርሰናላይዝድ አድስ»ን ያጥፉ። ከዚህ በኋላ ማስታወቂያ መምጣቱ አይቀርም፤ ጫማው ግን ይለቅዎታል። ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ያዩትን መዝግቦ የማያስቀር የብሮውዘር መስኮት፣ የሚደብቅዎ ከእርስዎ ቀጥሎ ስልኩን ከሚይዝ ሰው እንጂ ከድረ ገጹ ወይም ከዋይፋዩ ባለቤት አይደለም።

ሰዓቱን ለመፈተን ግን ኢንኮግኒቶ ይጠቅማል። ያንኑ ገጽ በኢንኮግኒቶ ይክፈቱት። በመጀመሪያው መስኮት 4 ደቂቃ ቀርቶት እዚህ እንደገና ከ10 ከጀመረ፣ ገጹን ለከፈተ ሁሉ እንደ አዲስ የሚነሣ ኮድ ነው፤ ቅናሹ ነገም አለ። «2 ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚለውን ደግሞ ቅርጫት ውስጥ 10 አስገብተው ይዩት። ሱቁ 10 ተቀብሎ ወደ ክፍያ ካሳለፈዎ ቀሪው 2 አይደለም።

ጥያቄ፦ የምገዛው ዱቄት ዋጋው አልጨመረም፤ ማሸጊያው ግን ከ500 ግራም ወደ 450 ወርዷል። 10 በመቶ ተወደደ ማለት ነው?
— ሚዛን ያየች

መልስ፦ 11 በመቶ ነው። ለ500 ግራም ይከፍሉ የነበረውን አሁን ለ450 ይከፍላሉ፤ የጎደለው 50 ለቀረው 450 ሲካፈል 11.1 በመቶ ይሰጣል። ዋጋውን በግራሙ አካፍለው በ100 ያባዙና የ100 ግራም ዋጋ ይያዙ፤ ሁለት ማሸጊያ ሲያወዳድሩ ሌላ ቁጥር አያስፈልግዎትም። «የቤተሰብ» የሚባለው ትልቁ ማሸጊያ አንዳንዴ በ100 ግራም ከትንሹ ይወደዳል። ጠርሙስ ሲገዙም ታቹን ገልብጠው ይዩት፤ ወደ ውስጥ የገባው ጎድጓዳ ከውጭ የማይታይ ቦታ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ገዛሁ። የስልኬ ባትሪ 5,000 ነው። 4 ጊዜ መሙላት ሲገባው 3ኛውን እንኳ ሳይጨርስ ያልቅበታል። ተሸወድኩ?
— ሒሳቡ ያልገጠመለት

መልስ፦ በዚህ ልክ ከሆነ አልተሸወዱም፤ እንዲያውም ደህና ዕቃ ነው። ያሳሳተዎት ቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ ጎን ያልተጻፈው ቮልት ነው። 20,000 የሚለው በውስጡ ያሉት የሊቲየም ባትሪዎች በ3.7 ቮልት የሚይዙት ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። ስለዚህ ቮልቱንም በሚያካትተው በዋት ሰዓት እናስበው፦ 20 አምፔር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት። 74 ለ5 ሲካፈል 14,800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ገና ምንም ሳይባክን 5,200ው ወረቀት ላይ ቀረ። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ሙቀት አድርጎ ያባክናል፤ እጅዎ ላይ ሞቅ የሚልዎት እሱ ነው። 63 ዋት ሰዓት ግድም ይወጣል። ስልኩም ሲቀበል የራሱን ድርሻ ያባክናል። የስልክዎ ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲታሰብ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከ2.7 እስከ 3 ጊዜ መሙላት ነው የሚጠበቀው። ማሸጊያው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ሬትድ ካፓሲቲ» ተብሎ የተጻፈውን ይፈልጉ፤ ሐቀኛ አምራች እዚያ ከ12,000 እስከ 13,000 ያለውን ቁጥር ይጽፋል።

እውነተኛው ማታለል ሌላ ነው፤ እሱን ለመያዝ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በፓወር ባንክ ውስጥ በብዛት የሚገባው 18650 የሚባለው ሲሊንደር ባትሪ ስፋቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ለ20,000 ቢያንስ 6 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ይህም ያለ ሽፋኑና ያለ ሰርኪዩቱ 270 ግራም ነው። ጠፍጣፋ ባትሪ የገባበት ትንሽ ሊቀል ይችላል እንጂ በግማሽ አይቀንስም። «20,000» ተብሎ 150 ግራም የሚመዝን ዕቃ በምንም ሒሳብ እውነት ሊሆን አይችልም። መዳፍ የሚያህለው «50,000» ደግሞ 15 ፍሬ፣ ማለትም 700 ግራም ገደማ መሆን ነበረበት። ከባዱ ሁሉም ሐቀኛ አይደለም፤ ክብደት ለማስመሰል ብረት ወይም አሸዋ የሚሞሉ አሉ። እርግጠኛ ለመሆን በፓወር ባንኩና በስልኩ መሐል የሚሰካውን ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ይግዙና ሞልተው እስኪያልቅ ይቁጠሩ። በፈጣን ቻርጅ 9 ቮልት ላይ ከለኩ የሚሊአምፔሩ ቁጥር ወደ 7,000 ስለሚወርድ አይደንግጡ፤ የዋት ሰዓቱን ያንብቡ።

በአውሮፕላን ሲጓዙም የሚጠየቁት ዋት ሰዓቱን ነው። እስከ 100 ድረስ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ በ3.7 ቮልት 27,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት ነው። ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም። ያበጠ ፓወር ባንክ ካለዎት ቻርጅ አያድርጉት፣ አይብሱት፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣሉት፤ ከሚነድ ነገር አርቀው ያስቀምጡና አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ያስረክቡ።

ጥያቄ፦ የተረፈ ሩዝ ድስቱ ላይ ያድራል፤ ጠዋት በደንብ አሙቀን እንበላዋለን። ሲሞቅ ጀርሙ ይሞት የለም እንዴ?
— ሩዝ ወዳድ ቤተሰብ

መልስ፦ ጀርሙ ይሞታል፣ መርዙ ግን አይሞትም። በጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር መሰል ቅርጽ ይዞ ይኖራል፤ ይህ ቅርጹ መቀቀልን ይቋቋማል። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃል፣ ይራባል፣ የሚያስታውክ መርዝም ያመርታል። ያን መርዝ የምድጃ ሙቀት አያጠፋውም። ስለዚህ ማዳኛው ማሞቅ ሳይሆን ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው።

ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ማስገባት አይረዳም፤ መሐሉ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሩዙን በሰፊ ትሪ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዘርጉት፣ ሲበርድ በ1 ሰዓት ውስጥ ከድነው ፍሪጅ ያስገቡት፣ በማግስቱ ይጨርሱት። ማሞቅ አንዴ ብቻ፣ እንፋሎቱ ከመሐሉ እስኪወጣ። ሌሊቱን ድስቱ ላይ ያደረው ግን ምንም ባይሸት ይደፋ።

ጥያቄ፦ አፓርታማችን ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የምንከፍተው መታጠቢያ ቤት አለ። ምንም ሳንጠቀምበት ይሸታል። በረኪና ደፋሁበት፣ ለጥቂት ሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ።
— እንግዳ የቀረባት

መልስ፦ የሚሸተው ባለመጠቀምዎ ነው። ከእያንዳንዱ መውረጃ ሥር ሲፎን አለ፤ የተጠማዘዘው ቱቦ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ የፍሳሽ መስመሩን ጋዝ እንደ ቡሽ ይዘጋል። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ለሽንት ቤት መቀመጫ ፓተንት ያወጣበት የኤስ ቅርጽ ቱቦ ሥራው ይኸው ነው። የወለሉ ሲፎን የሚይዘው ውሃ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተናል፤ ከዚያ መንገዱ ክፍት ነው። በረኪናው የረዳዎት ፈሳሽ ስለሆነ ነው፤ ውሃም ይበቃ ነበር።

በወለሉ መውረጃ 2 ሊትር፣ በእጅ መታጠቢያውና በሻወሩ 1 ሊትር ውሃ ይጨምሩ። ክፍሉን አናፍሰው 1 ሰዓት ይጠብቁ። ሽታው ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከዚያ በየመውረጃው 2 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቀስ አድርገው ያፍሱበት፤ ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገያል። በወር አንዴ ይድገሙት።

ውሃ ሞልተው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ትነት አይደለም። የላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ውሃ ሲለቅ የእርስዎ መውረጃ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ፣ መስመሩ አየር አጥቶ የሲፎንዎን ውሃ እየሳበው ነው። ለቧንቧ ሠራተኛው «ሸተተ» ብቻ አይበሉት፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የአየር ቱቦ መዘጋቱን እንዲያይ ይንገሩት። ድምፅ ሳይኖር ውሃው ከጎደለ ሲፎኑ ተሰንጥቋል ወይም ፀጉርና ክር ተጠላልፎ ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር እየመጠጠው ነው፤ መክደኛውን አንስተው በሽቦ ይጎትቱት። በረኪና በደፉበት መውረጃ ላይ ግን አሲድ ያለበት ማጽጃ እንዳይጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ያጥቡት።