ኮፒውን ሳትይዢ ከዚያ ቢሮ እንዳትወጪ

እህቴ፣ «19 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ የእጅ ኳስ ክንፍ ተጫዋች ነኝ፣ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሐሙስ ሊያስፈርመኝ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔም በአንቺ ዕድሜ ነው ከሐዋሳ የወጣሁት። ግራኝ ስለሆንኩ የቀኝ ክንፍ ነበርኩ፤ ግራኝ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፣ አሰልጣኞች ይፈልጉኝ ነበር። ስለ ካምፕና ስለ ምግብ ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ውሉን አንብቢ፣ አንዱን ኮፒ ይዘሽ ውጪ። እኔ ስፈርም ሁለት ኮፒ ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። «ማኅተም ይደረግበትና ትወስጃለሽ» አሉኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ደክሞኛል፣ ደስታውም አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለእናቴ ደውዬ «2 ዓመት ፈረምኩ» አልኳት። 2 ዓመት ያሉኝ በአፍ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 1 ዓመት መሆኑን ያወቅኩት ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ ነው።

2. ጉልበትሽን ጠብቂ። ክንፍ ተጫዋች ከሜዳው ዳር፣ ከጠባብ ማዕዘን ተነሥታ ከግቡ ፊት ወዳለው የ6 ሜትር ክልል ዘልላ በአንድ እግር ታርፋለች። የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካሽ ነው፤ ስታርፊ ወይም በድንገት ስትታጠፊ። እኛ የምንለማመደው ሲሚንቶ ላይ ነበር። ተከላካይዋን አታልዬ ልታጠፍ ስል ጉልበቴ ውስጥ «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ስታሟሙቂ የአስተራረፍና የሚዛን ልምምድ ጨምሪ፣ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። አሰልጣኝሽ ባያሠራሽም ብቻሽን ሥሪው።

የሚያንገበግበኝ ግን ጉዳቱ አይደለም። ኤምአርአይ በራሴ ገንዘብ ተነሣሁ። ደረሰኙን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በማግስቱም ስብሰባ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እኔ በክራንች ነኝ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሰውዬው ደረጃ ላይ ቆመው «ውልሽ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሕክምና ደግሞ ውሉ ላይ የለም» አሉኝ። ታዲያ ኮፒውን ስጡኝ ስላቸው ጥለውኝ ወረዱ። በዚያ ዓመት ከክንፍ እንደኔ ግብ ያገባ አልነበረም። እሱን ማንም አላነሳልኝም።

የሁለት ወር ደሞዜንም አልከፈሉኝም። መክሰስ ነበረብኝ። «ዛሬ ይከፍሉኛል፣ ነገ ይከፍሉኛል» እያልኩ 8 ወር ተቀመጥኩ። በኋላ የሕግ ባለሙያ ሳማክር፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም አለኝ። የሁለት ወር ደሞዜን ውኃ በላው። ስለዚህ ደሞዝ ከዘገየብሽ ቀን ቁጠሪ፣ ጥያቄሽንም በጽሑፍ አስገቢ።

3. መልቀቂያ፣ ማለትም ክለቡ እንደለቀቀሽ የሚገልጽ ወረቀት። ውሉ ሲያልቅ መልቀቂያ እንደሚሰጡሽ እዚያው ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ ድኜ ሐዋሳ ልጫወት ስል ያቺን አንዲት ወረቀት ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ውድድሩ ተጀመረ፣ ጓደኞቼ ሲጫወቱ ዳር ቁጭ ብዬ አየሁ። ግን ተመለስኩ። በመጀመሪያ ጨዋታዬ 5 ግብ አገባሁ፣ ያውም በዚያው ጉልበት። አሁን ታቦር ተራራ አካባቢ ታዳጊ ሴቶችን አሠለጥናለሁ። አስተራረፋቸውን ሳላይ አንዷንም ወደ ግብ አላስወረውርም።

ሐሙስ ብቻሽን አትሂጂ፤ አባትሽን ወይም ታላቅ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ። «ማኅተሙ ነገ ነው» ካሉሽ፣ ፊርማውም ነገ ይሁን በያቸው። ውሉን አስቀድመው ከሰጡሽ ደግሞ ስምሽን ሸፍነሽ ፎቶውን በውስጥ ላኪልኝ። እስከ ረቡዕ ማታ ከደረሰኝ መስመር በመስመር አነብልሻለሁ።