ኢሲጂው ደህና ከሆነ ኢኮ ለምን ታዘዘ?

ሐኪሙ ልብህ ላይ ለየት ያለ ድምፅ ሰምቶ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ካዘዘልህ፣ ኢሲጂህ ደህና ቢሆንም ልነሳ ወይ ካልክ፦ አዎ፣ ኢኮውን ተነሳ። «ኢሲጂዬ ደህና ነው» ማለት ቫልቭህ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) አያፈስም ማለት አይደለም። ኢሲጂ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፤ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ አያይም። ሐኪሙ በማዳመጫ የሰማው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ኢኮ ነው።

አያምም፣ ጨረርም የለውም። በግራ ጎንህ ትተኛለህ፣ ደረትህ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ጄል ይቀባል። ዶፕለር የሚሉት የኢኮው ክፍል የደሙን ፍሰት በቀይና በሰማያዊ ያሳያል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ደም ካለ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስሉ ካልጠራ ወይም ቫልቩን ቀረብ ብሎ ማየት ካስፈለገ በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ሊታዘዝ ይችላል። ለሱ ሆድህ ባዶ መሆን አለበት። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚሰጥህም ራስህ መኪና ነድተህ አትመለስም፣ ሰው ይዘህ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማፍሰሱ መጠን ከደም ግፊት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። አባቴን ሳመላልስ «ባሰበት» የተባለ ቀን ግፊቱ ሰማይ ነክቶ ነበር። ስለዚህ በምርመራው ሰዓት የነበረው ግፊትህ ሪፖርቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ፤ ያለዚያ የዛሬውን ከቀጣዩ ጋር ማወዳደር ያስቸግራል። በጣም ትንሽ ማፍሰስ ግን ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚታይ፣ ሪፖርቱን ብቻህን አንብበህ እንቅልፍ አትጣ።